የሚያውቃት ሰው

«አላስታውስሽም፣ ልጄ» አሉ ቲቸር ቦጂያ፣ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ልዋሽሽ አልፈልግም።»

ፋዮ ያመጣችውን ሙዝ ገና ከእጇ አላስቀመጠችም። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እስከ አራተኛ ፎቅ ወጥታ፣ አንኳኩታ፣ ስሟን ተናግራ ፊታቸው እስኪፈታ ስትጠብቅ የሰማችው ይህንን ነው። እንደ ምንም ፈገግ አለችና ሙዙን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምረውኛል። አንድ ቀን የበሬ ዓይን አምጥተው ስንከፍት ሌሎቹ ሸሹ፣ እኔ ያዝኩት። ያኔ ‹አንቺ ሐኪም ትሆኛለሽ› አሉኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ትክ ብለው አዩዋት። ደግ ፊት ነበራቸው፤ ይበልጥ የከፋትም ይኸው ደግነታቸው ነው።

«እሱን ያላልኩት ተማሪ የለም» አሉ ዝግ ብለው። «ልጅ እንዲበረታ ብዬ ነበር የምለው።»

ፋዮ ያቺን አንዲት ቃል ይዛ ነው እስከዛሬ የቆየችው። ነጥቧ ለሕክምና ሳይበቃ ቀርቶ ላብራቶሪ ሲደርሳትም፣ ያሳደገቻት አክስቷ ቤቱን ዘግታ ወደ አምቦ ተመልሳ እሷ ከተክለ ሃይማኖት ጀርባ በተከራየቻት ክፍል ብቻዋን ስትቀርም፣ አንድ ያየኝ ሰው አለ እያለች ትጽናና ነበር። ዘንድሮ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሕክምና የሚያስተምር ኮሌጅ መኖሩን ስትሰማ አላመነታችም። የመግቢያ ፈተናውን አለፈች። የትምህርት ማስረጃዋን አስወጣች፤ አለቃዋም ስለ ሥራዋ ጻፈላት። የቀረው «ጠባይዋን በቅርብ ከሚያውቅ ሰው» የሚለው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። እዚያ ላይ ስትደርስ ሳምንት ሙሉ ቆመች። ክሊኒክ አብረዋት የሚሠሩት «ላብራቶሪ» ብለው ነው የሚጠሯት። የግቢዋ ሰዎች ከእግዜር ሰላምታ አያልፉም። ብታስብ ብታስብ የመጣላት ስም አንድ ብቻ ሆነ።

«ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት» አለችና ቦርሳዋን አነሳች።

«ወዴት ነው?»

«ካላወቁኝ ምን ብለው ይጽፋሉ?»

«ታዲያ ጠይቄ ልወቅሻ። ተቀመጪ።» ከሁለተኛው ወንበር ላይ የጋዜጣ ክምር አንስተው መሬት አስቀመጡ። ወረቀትና እስክሪብቶም ይዘው መጡ። «ለመሆኑ ለምንድነው ሐኪም መሆን የፈለግሽው?»

ፋዮ ለቃለ መጠይቁ ብላ መስታወት ፊት ቆማ ያጠናችው መልስ ነበራት። «ወገኔን ለማገልገል። የእናቶችንና የሕፃናትን ሞት ለመቀነስ…»

«እሱንም ያላለኝ ተማሪ የለም።»

ከታች ከግቢው ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ጩኸት ይሰማል። ሽማግሌው አልቸኮሉም፤ እስክሪብቶውን አስቀምጠው ጠበቋት።

«ውጤት የምሰጠው በመስኮት ነው» አለች በመጨረሻ። «ሰው ወረቀቱን ይቀበለኝና ወረቀቱን ትቶ ፊቴን ያነባል። እኔ ደግሞ መናገር አይፈቀድልኝም። ‹ሐኪሙ ይነግርዎታል› ነው የምለው። በሁዳዴ አንዲት እናት መጡ። ውጤታቸው ጥሩ አልነበረም። ‹ልጄ፣ አትንገሪኝ ግድ የለም፤ ብቻ አታቀርቅሪብኝ› አሉኝ። ሳይታወቀኝ አቀርቅሬ ኖሯል። ወረቀቱን ይዘው ሐኪሙ ጋ ሳይገቡ በዋናው በር ወጡ። እንዳልከተላቸው ሰው ተሰልፏል። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ አስጠላኝ። ወንበር ያለበት ክፍል ውስጥ መሆን ነው የምፈልገው። ‹ይቀመጡ› ብዬ የምነግርበት።»

ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። የራሷ ድምፅ እንግዳ ሆነባት።

«ተመልሰው መጡ ሴትዮዋ?»

«አልመጡም። አሁንም በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ።»

አላጽናኗትም። አጎንብሰው መጻፍ ጀመሩ። ረጅም ጊዜ ጻፉ፤ መሐል ላይ ቀና ሳይሉ ይጠይቋታል።

«ፋዮ… በኦሮምኛ ጤና ከሚለው ነው የመጣው፣ አይደል?»

«አዎ። ስወለድ ታምሜ ነበር አሉ።»

«ከሰው ጋር ትጣያለሽ?»

«የምጣላው ሰው የለኝም።»

እስክሪብቶው ቆመ። ቲቸር ቦጂያ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «እኔም የለኝም» አሉና መጻፋቸውን ቀጠሉ።

ሲጨርሱ ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሮ ነበር። ፋዮ ለመቀበል እጇን ዘረጋች። እሳቸው ግን ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«ይሄ ረቂቅ ነው። በንጹሕ ወረቀት ልገልብጠው። ነገ ነይና ውሰጂ።»

ፋዮ ወረቀቱን አየችው። ጽሑፉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚጻፍ ቀጥ ያለ ነው። አንድም ስርዝ የለበትም፤ ግርጌው ላይ ፈርመውበታል። ማስገቢያው እስከ ዓርብ ነው፣ ጊዜ አለ። ይሄው ይበቃኛል ልትል አፏን ከፈተች፤ ሽማግሌው ዓይናቸውን ከወረቀቱ ላይ አላነሱም።

«እሺ፣ ቲቸር» አለች። «ነገ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ።»

«ሻይ አፈላለሁ» አሉ ቶሎ ብለው።

እስከ በሩ ሸኟት። የደረጃው መብራት ተቃጥሏል፤ ፋዮ ግድግዳውን እየዳበሰች መውረድ ጀመረች። ሁለተኛው ፎቅ ስትደርስ ደረጃው አሁንም እንደሚታያት ልብ አለች። ቀና ብላ አየች። ቲቸር ቦጂያ በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው ቆመዋል፤ የቤታቸው ብርሃን በደረጃው ክፍተት እስከ ታች ድረስ ይወርድላታል።