አራተኛው ወረቀት

ቬኒስ ውስጥ ምስል ቀራጩ አንሴልሞ፣ አማልክት በቀስት የፈጁባትን የኒዮቤን ልጆች በመዳብ ላይ ቀርጾ ጨረሰ። ከእናቷ ካባ ሥር ለተሸሸገችው የመጨረሻ ልጅ የሰጣት የገዛ ልጁን የፊያሜታን መልክ ነው። ሲታተም ቀኝና ግራ ስለሚገለበጥ፣ ቀስተኛውን አምላክ መዳቡ ላይ ግራኝ አድርጎታል።

ሦስት ወረቀት በደህና ታተመ። አራተኛውን ሚስቱ ኦርሶላ ገልጣ አየችና ሳቀች።

“አንተ ሰውዬ፣ ቀስተኛህ የታለ? ምሳ ሊበላ ወጣ እንዴ?”

“ቀለም አሳንሰሽበት ነው።”

መዳቡን ጠርጎ በጣቱ ዳሰሰው። ቀስተኛው የነበረበት ቦታ እንደ መስታወት ልሙጥ ነው። ልጅቷ ግን አሁንም ካባው ሥር አለች።

ፊያሜታ ከግቢው ተጣራች።

“አባዬ፣ ና እይ! አንድ ሰውዬ ቀስቱን በግራው እየወጠረልኝ ነው!”