የእናቴ ሙት ዓመት

ጋሽ ሽመክት እናቴን በቁሟ ሲገድላት ኖረ። እኔ እሱ በሚጽፍበት ጋዜጣ ቢሮ ሻይ አፈላለሁ። አንድ ቀን ሲጠጣ አምሽቶ ጽሑፉ ቢዘገይ አለቃችንን፣ «የሻይዋን ሴትዮ እናት ስቀብር ዋልኩ» አለው። ከዚያ ጽሑፉ በዘገየ ቁጥር አርባዋ፣ ሰማንያዋ፣ በየዓመቱም ሙት ዓመቷ መጣ። አለቃችን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲለኝ፣ ሰውዬው እንዳይባረር ብዬ አሜን እላለሁ። ስቆጣው ቆቡን አጋድሞ፣ «ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል፤ ምን በደልኳት?» ይለኛል።

ዘንድሮ እሱ ሞተ። አለቃችን በዓይኑ ይያት ብዬ እናቴን ደግፌ ለቅሶ ቤት ገባሁ። አለቃችን እንባውን እየጠረገ፣ «ዋሽቶኝ የማያውቅ ጋዜጠኛ እሱ ብቻ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ። «እኚህ እናት ማን ናቸው?»

«አክስቴ ናት» አልኩት፣ እናቴ እየሰማች። «እናቴማ ሞታ የለ? ጋሽ ሽመክት ነው የቀበራት።»