ስልክ የሌለበት ጨዋታ

ጸዳለ አሌክሳንድሪያ ካለች አንዲት ሰማያዊ ቤት ፊት ቆማ ሁለት እጇን ዘርግታለች። ቤቷ በሁለት ትልልቅ ቤቶች መሀል የተሰነቀረች ናት፤ ስፋቷ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው።

«እዪ ዮሐና፣ ከዳር እስከ ዳር ልደርስ ምንም አልቀረኝ! ይሄ ቤት ነው ኮሪደር? ፎቶ አንሺኝ በናትሽ!»

«ስልክ የለም፣ ሕጉ ነው» እላለሁ። የሁለታችንም ስልክ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ፣ ዛሬ ጠዋት፣ በጥድፊያ። የጸዳለ እናት ወይዘሮ እንግዳወርቅ ትናንት አገር ቤት፣ ደብረ ማርቆስ ላይ አርፈዋል። ወንድሟ በፈቃዱ ከዳላስ ከሰዓት በኋላ ይገባል፤ እሱ ሳይደርስ እንዳትረዳ ተባለ። እስከዚያ ከቤት አውጥቶ ማዋል፣ ፌስቡክ ቀድሞ እንዳያረዳት መጠበቅ የኔ ድርሻ ሆነ። ጸዳለ የመንገድ ዳር ጉድ ማየት ነፍሷ ነው። ስለዚህ «የተደበቀ ሀብት ፍለጋ» ብዬ ሦስት ወረቀት ጻፍኩ።

የመጀመሪያዋ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የኦክ ዛፍ ፍሬ አስመስለው የሠሯት መጠለያ ጋ ወሰደችን። ሁለተኛዋ እዚህ አመጣችን። «ለእማዬ ብነግራት አታምነኝም» እያለች ነው መንገዱን ሁሉ የመጣችው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

«ጠማኝ» ትላለች አሁን። «ውሃ የለሽም?»

«ከመኪናው ኋላ አለ» ብዬ ቁልፉን እጫናለሁ። ምን ነካኝ! ትራንኩ ሲከፈት ነው ትዝ ያለኝ።

አራት ካርቶን ውሃ፣ የወረቀት ሳህን፣ ሁለት ትልልቅ ፔርሙስ። ከላይ ጥቁር ቀሚሴና ነጠላዬ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። እዚህ አገር ለቅሶ ቤት ባዶ እጁን የሚሄድ የለም፤ ይሄን ጭነት አይቶ የማይገባው አበሻም የለም።

ጸዳለ ላስቲኩን ቀድዳ አንድ ውሃ ታወጣለች። አትከፍተውም።

«የማን ለቅሶ ነው?»

«በልትስቪል ነው፣ የአንድ ሴትዮ። አታውቂያቸውም።»

«እሺ። ታዲያ አንቺ ምን ያስለቅስሻል?»

ማልቀሴን አላወቅኩም ነበር።

እጇ ወደ ቦርሳዬ ይመጣል። ዚፑን ይዛ ትቆያለች፤ ከዚያ ትለቀዋለች። ስልኩ ውስጥ ምን እንደሚጠብቃት ገብቷታል። ላቅፋት እፈልጋለሁ፣ ግን ካቀፍኳት ማርዳቴ ነው።

«ስንት ወረቀት ቀረን?»

«አንዲት።»

«ስጪኛ።»

ከኪሴ አውጥቼ እሰጣታለሁ። ጠዋት ስጽፋት ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ «ሀብቱ ያለው ቁልፉ ኪስሽ ውስጥ ባለ ቤት ነው» ትላለች ወረቀቷ። ይኼኔ እሷ ቤት ሶፋው ወጥቶ ወንበር እየተደረደረ ነው።

ጸዳለ ሁለት ጊዜ ታነባታለች። አጣጥፋ ትመልስልኛለች።

«እዚህ አልሄድም» ትላለች። «ሌላ ጻፊልኝ፣ ዮሐና። ሩቅ ይሁን። ውድብሪጅ፣ ከውድብሪጅም ወዲያ። እዚያ እስክንደርስ ማንም ምንም አይነግረኝም፣ አይደል?»

«ማንም አይነግርሽም።»

እስክሪብቶ ፈልጌ ወረቀቷን መኪናው ላይ እገለብጣለሁ። አንድ ፊደል እንኳ አልወጣልኝም። ጸዳለ ስጽፍ እንዳታይ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ፊቷን ወደ ጠባቧ ቤት አዙራ፣ ሁለት ዓይኖቿን በእጆቿ ሸፍናለች።

«ጨረስሽ?» ትላለች።

«ገና ነኝ» እላለሁ።