የጾመ ሰላጣ

ሰውአገኝ የጎረሰውን ቁርስ ሳይውጥ በመሰላሉ ጣሪያው ላይ ወጥቶ መለኪያውን ታንከሩ ውስጥ ቢነክር ፒኤቹ፣ የውሃው የአሲድነት ልክ፣ ሰባት ነጥብ ስምንት ሆኖ አገኘው። ከስድስት ተኩል ካለፈ የሰላጣው ሥር ምግብ መሳብ ይቸግረዋል። ምግቡማ ጭራሽ የለም። ፓምፑ ያንኑ ባዶ ውሃ ከታንከር ወደ ቱቦ፣ ከቱቦ ወደ ታንከር ያመላልሳል፤ ያለ አፈር ቱቦው ላይ የተደረደረው ሰላጣ ገርጥቷል። የሆቴል ባለቤቷ ብርቅዬ ደግሞ አሁን ልታየው ትመጣለች። እሷ ካልወሰደችው ላሊበላ ላይ ማን ይወስደዋል? አስጎብኚነቱን የተወው እሷን ተማምኖ ነው።

ሰላጣውን የሚጠብቁለት ከሙጃ የመጡት አክስቱ ወለተ ሥላሴ ናቸው። በየጠዋቱ ከፈሳሽ ማዳበሪያው አንድ ክዳን፣ ከአሲዱ ጥቂት ጠብታ ብሏቸው ነበር። ጠርሙሶቹን ሲያነሳቸው ሙሉ ናቸው።

«እትዬ፣ አልጨመሩም እንዴ?»

«ሁዳዴ አይደል?» አሉ ነጠላቸውን እያጣፉ። «ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምን ብዬ ላብላቸው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይስ?»

«ዘጠኝ ሰዓትማ ቅዳሴ ነኝ። ስመለስ መሽቷል። የተኛ አይቀሰቀስም።»

«አሲዱስ? እሱ እንኳ ምግብ አይደለም፤ ውሃውን ማስተካከያ ነው።»

«ጾመኛ አፉን እንኳ አይጉመጠመጥም።»

የስንቱን ፈረንጅ ጥያቄ ሲመልስ የኖረ ሰው ነውና ለአክስቱም አንድ ነገር መጣለት።

«እትዬ፣ ሕፃን ይጾማል?»

«ሰባት ዓመት ሳይሞላው ማን ያስጾመዋል?»

«እነዚህ ገና ሃያ ስድስት ቀናቸው ነው።»

ወለተ ሥላሴ የገረጣውን ቅጠል አይተው ደረታቸውን መቱ። «አፈር ልብላ፣ ጨቅላ በራብ ስቀጣ ከርሜ?» የማዳበሪያውን ጠርሙስ እንዳለ ሊገለብጡት ሲሉ እጃቸውን ያዘ፤ ሲበዛ ሥሩን ያቃጥላል። በክዳኑ ለክቶ ሊያፈስ ጎንበስ እንዳለ ብርቅዬ በመሰላሉ ብቅ አለች።

«ምነው ሰላጣህ ገረጣብኝ?»

አክስቱ ቀደሙት። «ጾሞ ነው እታለም። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ቀምሶ አያውቅም።»

ብርቅዬ አንድ ቅጠል ቀነጠሰች። አልቀመሰችውም፤ እሷም ጾመኛ ናት። አሸተተችው።

«የሚጾም ሰላጣ» አለች ቀስ ብላ። «ደንበኞቼ ይህን ከሰሙ ሌላ አይበሉልኝም። እስከ ፋሲካ ሁሉንም እኔ እወስዳለሁ። ብቻ ጾማቸውን እንዳታስገድፋቸው። ያ የያዝከው ምንድን ነው?»

«የዘጠኝ ሰዓት ምሳቸው ነው» አለ ሰውአገኝ።

ብርቅዬ ስትወርድ ፈሳሹን ወደ ጠርሙሱ መለሰው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አሲዱንም ምግቡንም ራሱ ይጨምራል፤ በቀን አንዴ ካገኘ ሰላጣው አይሞትም፣ ገበያውም አያመልጥም። ደስ አለው።

ወለተ ሥላሴ ግን ቅር ብሏቸዋል። «ሕፃናት ናቸው አላልክም?»

«ይችሉታል እትዬ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምን አላት?»

አክስቱ ቀረብ ብለው ፊቱን አዩት። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ጢሙ ላይ የቀረችውን የእንቁላል ፍርፋሪ ጠረጉለት።