ሁለተኛው ፍሬን

ዚነት መሪውን ወደ ግራ ስትቆለምም ጎማው ጮኸ። አሮጌዋ ቶዮታ በቀያዮቹ የፕላስቲክ ኮኖች መሃል እየተሹለከለከች አራተኛውን አለፈች፤ ጠባቡ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ግን ድንገት ጉልበት ከዳት። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ለጥቂት ከመጥፋት ተረፈ፣ እየተጎተተች መጨረሻው መስመር ላይ ደረሰች። ሰዓት ያዡ ስልሳ ሁለት ሰከንድ ብሎ መዘገበ።

"እዚያ ጋ ፍሬን ምን ያስይዝሻል?" አላት ከጎኗ የተቀመጠው ጋሽ ክፍሉ።

አልያዝኩም አለችው። ይዘሻል አላት። ክፍሉ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት መንዳት ያስተማረ ሰው ነው፤ ለማጅ ፍሬን ሲይዝ በወገቡ ነው የሚያውቀው። እሷንም ያስተማራት እሱ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ሦስት ወሯ ቢሆንም፣ እንዲህ ያለች ነጂ አይቼ አላውቅም እያለ ሰፈሩን ሲያደነቁር ነው የከረመው። ዛሬ በሰው ፊት እንዲህ ስታደርገው ተናደደ፤ መካዷ ደግሞ አባሰበት።

"ወላሂ ጋሼ፣ እግሬ ነዳጁ ላይ ነበር" አለች። ዓይኗ ወደ እሱ እግር ወረደ። የሱም ዓይን ተከትሎ ወረደ።

የማሰልጠኛ መኪና ሁለት ፍሬን አለው፤ አንዱ ለለማጁ፣ ሁለተኛው ከጎን ለሚቀመጠው። የክፍሉ ቀኝ እግር ሁለተኛው ፍሬን ላይ ተጭኖ እንደቀረ ነበር። ክፍሉ የሌላ ሰው እግር ይመስል አየው። ይህ እግር ስንቱን ለማጅ ከቦይ፣ ስንቱን ፍየል ከሞት ያተረፈ ነው፤ ሲሠራ ባለቤቱንም አያስፈቅድም። ክፍሉ አፈረ።

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ማዶ ባለው ባዶ አስፋልት ላይ የሚካሄደው ይህ የአማተሮች ውድድር ሕጉ ቀላል ነው። ቅዳሜ ሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ይነዳል፣ ከሁለቱ የተሻለው ሰዓት ይያዝለታል፣ ስምንቱ ፈጣኖች እሑድ ይመለሳሉ። የስምንተኛው ሰው ሰዓት እስካሁን ሃምሳ ስምንት ሰከንድ ነው። ዚነት ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ አብረዋት የሚሰፉት አሥራ አንድ ሴቶች ዛሬ ሥራ ላይ ናቸው፣ እረፍታቸው እሑድ ብቻ ነው። ነገ እሷን ሊያዩ ሚኒባስ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ዛሬ ካላለፈች ነገ መጥተው የሚያጨበጭቡት ለሌላ ሰው ነው።

ክፍሉ መቀመጫውን ወደ ኋላ ሊገፋው ሞከረ፤ ከተጣበቀ ዓመታት አልፈውታል። ከኋላ ልቀመጥ አለ፤ ዳኛው የኋላው መቀመጫ ቀበቶ የለውም ብሎ ከለከለው። እንግዲህ እግሬን እቆጣጠረዋለሁ አላት።

"አቦ ጋሼ" አለች ዚነት ቀስ ብላ። "አንተ ብትሰማኝ እግርህ አይሰማኝም።"

እውነቷን ነው። ችግሩ ግን የማሰልጠኛው ባለቤት ፍቅርአዲስ መኪናዋን ያዋሰቻቸው ክፍሉ ከውስጥ እንዳይወርድ አስጠንቅቃ ነው። ስልኩን አውጥቶ ደወለላትና ልውረድ አላት። አንድ ጭረት ባይ ሰኞ ሥራ እንዳትመጣ አለችው። በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ማን እንደሚቀጥረው አሰበና ፈራ።

"ይሁን" አላት። "ልጅቷ መንዳት ታውቃለች። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።"

ወርዶ ከገመዱ ኋላ ከተመልካቹ ጋር ቆመ። ገና ሦስት ሰዓት ቢሆንም ፀሐዩ ማቃጠል ጀምሯል። ባንዲራው ወረደ፣ ቶዮታዋ ተስፈንጥራ ወጣች። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ኮን ዞረች። አራተኛው ጋ ስትደርስ ክፍሉ በልቡ አሁን ያዢ አለ። አልያዘችም። አሁን ያዢ እንጂ አለ። አሁንም አልያዘችም። ቀኝ ጫማው ጠጠሩን እየገፋ መሬት ውስጥ ገባ፣ መኪናዋ ግን ከእሱ ጋር ጉዳይ አልነበራትም። እሱ ቢሆን ከሚይዝበት ቦታ ሁለት ክንድ ያህል እንዳለፈች፣ ከኋላዋ ሁለት ቀይ መብራቶች ቦግ አሉ፤ ወዲያው ጠፉ። ቶዮታዋ ተጠማዝዛ ወጣች። ኮኑ ንቅንቅ አላለም።

ሃምሳ ስድስት ሰከንድ ተባለ። ሰዉ አጨበጨበ፤ አንድ ባጃጅ ነጂ ጥሩምባውን ለቀቀው። ዚነት መስኮቱን አውርዳ በዓይኗ ትፈልገው ጀመር። ክፍሉ ግን መብራቶቹ የበሩበትን ቦታ እያየ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ስንቱን አስተምሮ፣ እስከ ዛሬ አንዱንም ለማጅ በራሱ እግር ፍሬን ሲይዝ ከመኪናው ውጭ ሆኖ አይቶ አያውቅም ነበር።