ዳገት ላይ የምትሞተው ካሚዮን

ያች ካሚዮን ሜዳ ላይ ማን ይችላታል! ዳገት ስትጀምር ግን ሁለቴ ታስልና ቀጥ ትላለች። ጥቂት ካረፈች ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትነሣለች። ምን ዓይነት በሽታ ነው ይኼ?

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ካሚዮኗ ከቡሬ ምሽግ ወደ ጅጋ ጥይት ታመላልሳለች፤ ሾፌሩ የቡሬው ልጅ ክንዱ ነው። ሁለት ጊዜ ዳገት ላይ ቆማ በሰላም ተነሣች። በሦስተኛው አርበኞች ደረሱባት። ጥይቱ ተወሰደ፤ አምስት ወታደር ሞተ። ክንዱ ግን ካሚዮኗን ይዞ በሕይወት ተመለሰ፤ ጥፋቱም ያ ሆነ።

የምሽጉ ካፒቴን አሰረውና መካኒኩን ገደፋውን አስጠራ።

«እስከ ቅዳሜ መርምር» አለው በአስተርጓሚ። «ብልሽት ካለባት ሾፌሩ ይፈታል። ከሌለባት ሆን ብሎ ነው ያቆማት፤ ገበያ መካከል ይሰቀላል።»

ገደፋው ካንዴላውን ፈትቶ ጠረገ። ካርቡራቶሩን በታትኖ ገጠመ። ሽቦውን ሁሉ በጣቱ ተከተለ። ከምሽጉ እንዳይርቅ ስለተከለከለ ሜዳ ሜዳውን ነዳት፤ አንዴም አልቆመችም። ቢቸግረው እስር ቤት ሄደ።

«ማን ነክቷት ያውቃል?»

«ኧረ ማንም፣ አያ ገደፋው! እናቴ ብቻ ናት፣ ሥራ የጀመርሁ ለታ ጠበል የረጨቻት።»

ጠበል! ውኃ ከቤንዚኑ ገብቶ ይሆናላ! ገደፋው እየሮጠ ተመልሶ ከቤንዚን ማጠራቀሚያዋ፣ ከሰልባትዮዋ ሥር በብርጭቆ ቀዳ። ጠብታ ውኃ የለበትም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነበት።

የክንዱ እናት ወይዘሮ ቻይነሽ ጋራዡ በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁት ነበር።

«ልጄን አውጣልኝ፣ ገደፋው። ሌላ የለኝም።»

«እየደከምሁ ነው፣ እትየ። ግን ለምን ሁልጊዜ አርበኛ የሚያደባበት ዳገት ላይ ትቆማለች?»

«እኔ ምኑን አውቀው? ሲቀጠር ያ አረመኔ ካፒቴን ክታቡን ካንገቱ በጥሶ ጣለበት። የዚያን ለታ ሆዴ ፈራ። ብቻ ወልደ ዮሐንሴን ያለ ጠባቂ አለቀቅሁትም፤ እመቤቴ ታውቃለች።»

ወልደ ዮሐንስ የክንዱ የክርስትና ስሙ ነው። ገደፋው ግን ልቡ ሌላ ዘንድ ሄዷል። ይኼ ልጅ ከአርበኞቹ ጋር ነው፣ አለ በሆዱ። አሁን ገባኝ! ደግ አደረገ፣ ግን እንዴት አድርጌ ላውጣው?

ቅዳሜ ካፒቴኑ ፊት ቆመ። ሊዋሽ አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ‹ብልሽቱን አሳየኝ› ቢለው ምኑን ያሳየዋል? ሁለቱም መሰቀላቸው ነው። ፈራ።

«ካሚዮኗ ጤነኛ ናት» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

ክንዱ ተሰቀለ። እናቱ አፈር ላይ ወድቀው፣ «ምን አጎደልሁብህ፣ ልጄ? ምን አጎደልሁብህ?» ይሉ ነበር። ገበያተኛው ደግሞ «ወንድ! እስከ መጨረሻው ምስጢር አላወጣም» እያለ በሹክሹክታ አደነቀው። ገደፋውም እንደዚያ ብሎ ራሱን አጽናና። ሌላ ምን ይበል?

ማክሰኞ ካሚዮኗ በጣሊያናዊ ሾፌር ወጣች። ዳገቱን ጀመረች። ሁለቴ አስላ ቀጥ አለች።

ጎትተው ሲያመጧት ገደፋው ሰልባትዮውን አውርዶ ገለበጠው። ጣት የምታህል፣ በቆዳ የተሰፋች ነገር ዱብ አለች። ዳገት ሲሆን ተንሸራትታ የቤንዚኑን መውጫ ትደፍናለች፤ ሞተሩ ሲቆም ትለቃለች። ስፌቱን በቢላ ተረተረው። ውስጡ የተጠቀለለች ብራና ናት። ልጅ ሳለ የቆሎ ተማሪ ነበርና ንባቡ አልጠፋውም።

«አቤቱ፣ አገልጋይህን ወልደ ዮሐንስን ከመንገድ ሞት ጠብቀው» ይላል።