ትልቅ ድመት ሐኪም

ጮሌው የሥራ ማመልከቻው ላይ «ሎጅባን፦ አቀላጥፎ ይናገራል» ብሎ የጻፈው ማን ይጠይቀኛል ብሎ ነው። እውነት ለመናገር ማንስ ይጠይቃል? ሰዎች ቁጭ ብለው የፈጠሩት ቋንቋ ነው፤ ሰዋስው ላይ ብዥታ የለበትም ይባልለታል። ጮሌው ስለ ቋንቋው ያነበበው አንዲት ገጽ ብቻ ናት። እሷንም የጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠብቅ በስልኩ።

ያመለከተው ለአሳንሰር ኩባንያ ቅሬታ ተቀባይነት ነው። አሳንሰር ውስጥ የተቆለፈበት ሰው ደውሎ ሲጮህ፣ ምንም ቢሉት በእርጋታ የሚመልስ ሰው ይፈልጋሉ። ጮሌው ሚስቱን ይዞ አማቱ ቤት ከተጠጋ ስምንት ወር ሆኖታል። ዛሬ ጠዋት አማቱ ሸሚዙን እየተኮሱለት፣ «ልጄ፣ ዛሬም ባዶ እጅህን ከመጣህ እሷ እዚሁ ትቀራለች፤ አንተ ወደ እናትህ ቤት» አሉት። ቀልድ መስሎት ሊስቅ ሲል ፊታቸውን አየና ተወው።

ሥራ አስኪያጇ ማመልከቻውን አገላበጠች። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ፣ ትልልቅ ፊደል የሌለበት፣ በየቃሉ መሀል ጭረት የበዛበት የላቲን ጽሑፍ በመስታወት ተሰቅሏል። ጮሌው የሐኪም ማዘዣ መሰለው።

«ሎጅባን!» አለች ቅንድቧን አንስታ። «ዕድለኛ ነዎት። ከሂሳብ ክፍል አንድ ባልደረባችን ይችላል። እሱ ይፈትንዎታል።»

ጮሌው ክው አለ።

ባለ መነጽሩ የሂሳብ ሠራተኛ ገባ። ሰላም እንኳን አላለም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጮሌውን ትኩር ብሎ አየው። ጉድ ፈላ! ሰውየው ገና ከበሩ ነቅቶበታል።

«ባርዳ ምላቱ ሚክቼ» አለ ባለ መነጽሩ በቀስታ። «ይተርጉሙልን።»

ሥራ አስኪያጇን ሳል ያዛት።

ጮሌው እልል ሊል ምንም አልቀረው። ያቺ ገጽ ላይ የነበረችው ምሳሌ ራሷ ናት!

«ትልቅ ድመት ሐኪም» አለ። «ከፊት ያሉት ሁለቱ ቀድመው ይጣመራሉ። ትልልቆቹ ድመቶቹ ናቸው እንጂ ሐኪሙ አይደለም።»

«እሱንማ ሕፃን ያውቀዋል» አለ ባለ መነጽሩ። ክፍሉ ቢቀዘቅዝም ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። «ድመት የሚያክም ነው ወይስ ራሱ ድመት ሆኖ የሚያክም?»

«እሱን ቋንቋው አይነግርዎትም። የትኛው ከየትኛው እንደተጣመረ እንጂ ዝምድናቸው አይታወቅም። ድመት የሚያክም፣ ድመት የሆነ፣ እንደ ድመት የሚቧጥጥ፤ ሁሉም ያስኬዳል።»

«ሁሉም?»

«እንደ አውዱ ነው።»

«የቱ አውድ?»

«እሱም እንደ አውዱ ነው።»

«እንግዲያው በሎጅባን ይመልሱልኝ!»

አሁን አበቃለት። ሚስቱ በአማቱ ቤት በር ላይ ቆማ ሻንጣውን ስታቀብለው ታየችው። ምን አማራጭ አለው? ሦስቱን ቃላት ገለባበጣቸውና ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ ኮራ ብሎ፣ «ባርዳ ሚክቼ ምላቱ!» አለ።

ሥራ አስኪያጇ ከንፈሯን ነክሳ አቀረቀረች። ባለ መነጽሩ መነጽሩን አውልቆ ወለወለ።

«ጥሩ ይናገራል» አለ ባለ መነጽሩ በመጨረሻ። «ትንሽ የገጠር ዘዬ አለበት እንጂ።»

«ከእናቴ ወገን ነው» አለ ጮሌው፣ ከድንጋጤው የተነሳ።

«በቃ፣ ሁለታችሁም ውጭ ጠብቁኝ» አለች ሥራ አስኪያጇ።

ኮሪደሩ ላይ ባለ መነጽሩ የጮሌውን ክርን ጭምድድ አድርጎ ያዘ። በቃ፣ ሊያዋርደው ነው።

«ወንድሜ፣ በሞትኩት አታጋልጠኝ!» አለ ባለ መነጽሩ በሹክሹክታ። «እኔም ለመቀጠር ብዬ የጻፍኩት ነው። ከዚያች ከድመቷ ገጽ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

ጮሌው ግድግዳ ተደግፎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ተቃቅፈው ሳቁ። ተገላገልን አሉ።

ሥራ አስኪያጇ በሩን ዘግታ ለሠራተኛ አስተዳደር ደወለች።

«ሎጅባንን አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ዓይኑን በጨው ታጥቦ የመለሰልኝ ሰው አልገጠመኝም፤ ሁለቱንም ቅሬታ ክፍል መድቡልኝ።»